ጉጉትን በቅርብ ለማየት፦ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ለሚያመሽ ሰው

እንግሊዝ አገር የአዳኝ አእዋፍ ማዕከል የሚባሉ ቦታዎች አሉ። ኒውንት በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ያለው በእ.ኤ.አ. 1967 ነው የተከፈተው። ጎብኚው ከፍሎ ይገባል፣ ወፍራም የቆዳ ጓንት ያጠልቃል፣ ከሰው ጋር ያደገች ጉጉት በርራ መጥታ እጁ ላይ ታርፋለች። መሀል አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ በር የለንም። በሆለታ በኩል ያለው እንሰሳ ኮቴ የሚባለው ማገገሚያ በዋነኛነት ከሕገወጥ አዘዋዋሪዎች እጅ የተወሰዱ አንበሶችና አቦሸማኔዎች የሚጠበቁበት ነው፤ ወፍ በጓንት ይዞ ፎቶ መነሻ አይደለም።

ይሁን እንጂ እዚያ በጓንት ላይ የምትታየው ወፍ እዚህ ከተማችን ውስጥ በነጻነት ትኖራለች። ማታ ማታ በራሳችን ላይ ታልፋለች፣ እኛ ቀና ብለን አናይም። ካየናትም ብዙዎቻችን እናማትባለን፣ ድንጋይም የሚያነሳ አለ። እኔ ከ10 ሜትር ባነሰ ርቀት ያየኋት ከብዙ ባዶ ምሽቶች በኋላ ነው። እነዚያ ባዶ ምሽቶች የባከኑት ፍለጋ ስዞር ስለነበረ ነው። መዞሩን ትቼ መቀመጥ ስጀምር መጣች። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በዚያ ላይ የተመሠረተ ነው።

ጎጆዋ ያለበትን ግቢ ስም ግን አልጽፍም። አንድ ጎጆ በታወቀ በሳምንቱ ስልክ የያዘ ሰው ይሞላዋል፣ እናቲቱም ጥላው ትሄዳለች።

መጀመሪያ፦ የትኛዋን ጉጉት እንደሚፈልጉ ይወቁ

እኛ ሁሉንም ጉጉት ብለን እንጠራለን። በኢትዮጵያ ከተመዘገቡት ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች መካከል ጉጉቶቹ ብዙ ናቸው። ራሳቸው ላይ እንደ ጆሮ የቆመ ላባ ያላቸው ትላልቆች አሉ (ላባ ነው፣ ጆሮ አይደለም)፤ በደን ውስጥ የምትኖር ክብ ራስና ጥቁር ዓይን ያላት ቡናማም አለች። እዚህ የምናወራው ሳይንስ ቲቶ አልባ ስለሚላት ነው። ፊቷ ነጭና የልብ ቅርጽ ያለው ነው፣ ዓይኖቿ ጥቁር ናቸው፣ ጀርባዋ ወርቃማና ግራጫ ድብልቅ ሆኖ ነጠብጣብ አለው፣ ሆዷ ነጣ ያለ ነው፣ እግሮቿ ረጃጅም ናቸው። በመንገድ መብራት ሥር ስታልፍ ከታች ሙሉ በሙሉ ነጭ ትመስላለች። ክንፎቿን ስትዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ80 እስከ 95 ሳንቲ ሜትር ትደርሳለች፤ ክብደቷ ግን 300 ግራም አካባቢ ብቻ ነው። ያን ያህል ሰፊ ክንፍ ያን ያህል ቀላል አካል መሸከሙ ነው ቀስ ብላ፣ ዝቅ ብላ፣ ያለ ድካም እንድትበር የሚያስችላት።

ከመውጣትዎ በፊት አንድ ቀን በአራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ያለውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይጎብኙ። ደርቀው የተቀመጡ ወፎችን በመስታወት ውስጥ ስታዩ የአዳኝ ወፍ ጥፍርና መንቆር ከሌላው እንዴት እንደሚለይ ዓይናችሁ ይለምዳል። ልጆች ካሉ ይዛችኋቸው ሂዱ።

ሁለተኛ፦ ጆሮዎን ያሠልጥኑ

«ጉ… ጉ…» የሚል ድምፅ ከጠበቁ ያመልጥዎታል። ይህቺኛዋ ጉጉት እንዲያ አትልም። ድምፅዋ የሚሰነጥቅ፣ የሚሻክር ረጅም ጩኸት ነው፤ ጨርቅ ሲቀደድና ሰው ሲጮህ አንድ ላይ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜም እየበረረች ነው የምትጮኸው። በሰፈር «ሰው ሊሞት ነው» የሚያሰኘው ይህ ድምፅ ነው። ወንዱ ሴቷን የሚጠራበትና ቦታው የእሱ መሆኑን የሚያስታውቅበት እንጂ ሌላ ትርጉም የለውም።

ከዚያ የበለጠ የሚጠቅምዎ ሁለተኛው ድምፅ ነው። ጫጩቶቹ ሲርባቸው ረጅም ትንፋሽ እየሳቡ እንደሚያንኮራፋ ሰው ያሰማሉ። ሌሊቱን ሙሉ አያቋርጡም። አንድ ወዳጄ ከቤታቸው ኮርኒስ በላይ «እባብ ገብቷል» ብሎ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ነበር፤ ሄጄ ሳዳምጥ የጉጉት ልጆች ናቸው። እንዲህ ያለ ድምፅ ከአንድ ጣሪያ በየምሽቱ የሚሰማ ከሆነ ጎጆው አለ ማለት ነው፣ ወላጆቹም በሌሊት ደጋግመው ይመላለሳሉ።

ሦስተኛ፦ በቀን ምልክቱን ይፈልጉ

ጉጉትን ለማየት ሥራው የሚጀመረው በቀን ነው። ቀን ላይ እሷ ተኝታለች፤ እርስዎ የሚፈልጉት የተወችውን ዱካ ነው።

ይህቺ ወፍ ጎጆ አትሠራም። ጨለማና ደረቅ ቀዳዳ ካገኘች ይበቃታል፦ የድሮ ቤት ኮርኒስ፣ የደወል ቤት ሰገነት፣ የዛፍ ጉድጓድ፣ ሥራው የቆመ ፎቅ። ከዚያ ብዙ ሳትርቅ ደግሞ አይጥ የሚሯሯጥበት ሣር ትፈልጋለች። ይህንን ይዘው የከተማውን መሀል በዓይነ ህሊናዎ ይቃኙ። የቀበናና የግንፍሌ ወንዝ ዳርቻዎች፣ ጃንሜዳን የመሰለ ሰፊ ሜዳ፣ የስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የፒያሳ የቀሩ አሮጌ ቤቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ትንሽ ልቆይ። ጽዱና ወይራው ትልልቅ ነው፣ የሚቆርጠው የለም። በመቃብሩ መካከል ሣር አለ። ሰንበቴ ቤቱ ደግሞ አለ፤ ዳቦውና ቆሎው ፍርፋሪ ይተዋል፣ ፍርፋሪው አይጥ ይጠራል፣ አይጡ ጉጉት ይጠራል። የደወል ቤቱ ጨምሮበት አንድ ጉጉት የምትፈልገው ሁሉ በአንድ አጥር ውስጥ ተሟልቷል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የኮርኒስ ጎጆዎችም አብረው ሄደዋል፤ ለዚህ ነው የቀሩት ቅጥሮች ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የሚያስፈልጉት።

በግቢው ውስጥ ቀስ ብለው ይዙሩና ከግድግዳ ሥር፣ ከትልቅ ቅርንጫፍ ሥር፣ ከደወል ቤት ደረጃ ላይ መሬቱን ይመልከቱ። ሁለት ነገር ይፈልጋሉ። አንዱ ኩስ ነው፤ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ግድግዳው ላይ ወደ ታች የተንዠረገገ። የርግብም ኩስ ነጭ ስለሆነ ብቻውን አያሳምንም። ሁለተኛው ግን አያሳስትም፦ የአውራ ጣት የሚያክል ጥቁር እንክብል። ጉጉት አይጧን ሙሉዋን ትውጣለች፤ ሥጋው ሲፈጭ ፀጉሩና አጥንቱ ሆዷ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀርና በአፏ ትተፋዋለች፣ ብዙ ጊዜ በቀን አንድ ወይም ሁለት። የትናንት ከሆነ እንደተወለወለ ጫማ ያብለጨልጫል። ከቆየ ግራጫ ሆኖ ይፈራርሳል። የሚያብለጨልጭ ካገኙ ዛሬ ማታ እዚያው ይመለሱ።

አራተኛ፦ ዘበኛውንና አባቶችን ያነጋግሩ

ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው መሀል አዲስ አበባ ላይ ወፍ ሳይሆን የጥበቃ ክፍል ነው የሚያየው። አራት ኪሎ ቤተ መንግሥት አለ፣ በየአቅጣጫው ኤምባሲና መሥሪያ ቤት አለ። በጨለማ ባይኖኩላር ይዞ ግድግዳ ላይ የሚያፈጥ ሰው ማንንም ያሠጋል፣ ሥጋቱም ተገቢ ነው። ወደ እነዚህ ቦታዎች መነጽርም ካሜራም አያዙሩ።

በቤተ ክርስቲያን ከሆነ በቀን ወደ ሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ይግቡና ለአስተዳዳሪው ያስረዱ። ከተቋም የመጣ ደብዳቤ ካለዎት መልካም ነው፤ ከሌለዎት መታወቂያዎን ያሳዩና የሚቀመጡበትን ቦታ ራሳቸው እንዲመርጡልዎ ይጠይቁ። የሚሄዱበትን ምሽት ሲመርጡ ወርኃዊ በዓሉን ያስቡ። የጊዮርጊስ ደብር ከሆነ በ23 ዋዜማ፣ የማርያም ከሆነ በ21 ዋዜማ ማኅሌት ይቆማል፣ ድምፅ ማጉያ ይከፈታል፣ ሕዝብ ይመላለሳል። ያን ምሽት ግቢው የምእመናን ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዘበኛው ነው። እሳቸው በየሌሊቱ እዚያ ናቸው፤ ወፏ በስንት ሰዓት እንደምትወጣ፣ በየት በኩል እንደምትዞር ከማንም በላይ ያውቃሉ፣ ሊነግሩዎ ባይፈልጉም። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን እንዲህ ነበር የተነጋገርነው።

«ጋሼ፣ እንደምን አመሹ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ያቺን ሟርተኛ ፍለጋ ነው የመጣኸው?»

«አዎ፣ ከፈቀዱልኝ እዚህ ጥግ ልቀመጥ።»

«ምን ታደርግልሃለች? እኔ እንኳ ስትጮህ በጠጠር ነው የማባርራት።»

አልተከራከርኩም። ሻይ ገዝቼ አብረን ጠጣን፣ የሚነግሩኝን ሰማሁ። ከጣሪያው በስተምሥራቅ ያለው ክፍተት ላይ «ልክ የአንድ ሰዓት ዜና ሳይጀምር» ትወጣለች አሉኝ። እንዳሉትም ሆነ።

አምስተኛ፦ ቁጭ ይበሉ

አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ገደማ እስከ 12 ሰዓት ከ45 ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች። እርስዎ ሳትጠልቅ ቦታዎን ይያዙ። ጉጉቷ ብዙ ጊዜ የምትወጣው ከጠለቀች ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፤ ያኔ ዘግይቶ የሚገባ ሰው ከወፏ ጋር በር ላይ ይጋጫል።

ክረምት ላይ አይድከሙ። ላባዋ ለስላሳ ስለሆነ ውኃ ያስገባል፣ በዝናብ ማደን አትችልም። ከጥቅምት ጀምሮ ያሉት ደረቅ ወራት ይሻላሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ የሌሊቱ ብርድ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ የሚለበስ ነገር ያስፈልጋል፣ እዚህ ላይ ደግሞ ምርጫዎ ወሳኝ ነው። የናይለን ጃኬት አይልበሱ። ክንድዎን ባነሱ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ጋቢ ድምፅ የለውም፤ ነጭነቱ እንዳይታይ ከግድግዳ ወይም ከግንድ ጋር ተጠግተው ይቀመጡ። ቁልፍና ሳንቲም ከኪስዎ ያውጡ። ስልክዎን ከንዝረትም ጭምር ያጥፉ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? የዚህች ወፍ ፊት ራሱ ጆሮ ነው ማለት ይቻላል። ያ የልብ ቅርጽ ያለው ነጭ ላባ ድምፅን ሰብስቦ ወደ ሁለቱ የጆሮ ቀዳዳዎች የሚመራ ሰሐን ነው። ቀዳዳዎቹ ደግሞ እኩል አይደሉም፤ የግራው ከቀኙ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከታች የመጣ ድምፅ በአንዱ ጆሮ ጎላ ብሎ፣ ከላይ የመጣው በሌላው ጎላ ብሎ ይሰማታል፤ ከግራ ወይም ከቀኝ መሆኑን ደግሞ ቀድሞ በደረሰበት ጆሮ ታውቃለች። ሮጀር ፔይን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ምንም ብርሃን በሌለበት ክፍል ውስጥ ቅጠል ላይ አይጥ ለቆ ጉጉቷ በኮሽታው ብቻ እንደምትይዝ አሳይቷል። አይጥ ሣር ውስጥ ስትንቀሳቀስ የምትሰማ ወፍ የእርስዎን ሹክሹክታ በደንብ ትሰማለች።

እሷ ግን ስትበር ምንም አይሰማም። የክንፏ የፊት ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጥርስ አለው፣ የላባው ገጽ እንደ ከፋይ ነው፣ የኋላው ጠርዝ እንደ ነጠላ ዘርፍ የላላ ነው። ነፋሱ ተከፋፍሎ ያለ ድምፅ ያልፋል። ስለዚህ በጆሮዎ አይጠብቋት፤ ዓይንዎን ከመውጫው ቀዳዳ ላይ አያንሱ።

ትወጣለች። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ትቆማለች፣ ራሷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትወዘውዛለች። ዓይኖቿ በጉድጓዳቸው ውስጥ ስለማይዞሩ አንገቷን ነው የምታዞረው፤ የአንገቷ አጥንቶች 14 ናቸው፣ የእኛ 7፣ እስከ 270 ዲግሪም ታዞራለች። ፊቷ ወደ እርስዎ ቢዞር አይንቀሳቀሱ፣ እጅዎንም አያንሱ። እኔ ያን ጊዜ ትንፋሼን ይዤ ነበር። እሷ አየችኝ፣ ምንም እንዳልሆንኩ ወሰነች፣ ክንፏን ዘረጋች፣ ከራሴ በላይ ሁለት ሜትር ያህል ከፍ ብላ አለፈች። የሆዷን ላባ ቆጥሬ ልጨርስ የምችል ይመስለኝ ነበር። ዘበኛው በሹክታ እንኳ አልተናገሩም።

ስለ ፎቶና ስለ መብራት

ፍላሽ ፈጽሞ አይጠቀሙ። የጨለማ ዓይን ላይ የሚፈነዳ ብርሃን ለጊዜው ያሳውራታል፣ በረራ ላይ ከሆነች ሽቦ ላይ ልትጋጭ ትችላለች። ባትሪም ቀዳዳው ላይ አያብሩ። ድምፅዋን ከስልክ ከፍቶ መጥራትም ክፉ ነው፤ ሌላ ጉጉት ቤቷን ሊወስድ የመጣ ይመስላታል፣ እንቁላሏን ትታ ትወጣለች። 8 በ42 የሚባለው ባይኖኩላር ለምሽት ጥሩ ብርሃን ያስገባል። ከሌለዎት የግቢው መብራትና ዓይንዎ ይበቃሉ።

እንቁላልና ጫጩት ባለበት ጊዜ ከቀዳዳው 20 ሜትር ይራቁ፣ ኮርኒስ ላይም አይውጡ። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 7 እንቁላል ትጥላለች፣ እያንዳንዱም አንድ ወር ገደማ ይታቀፋል፤ በየሁለት ሦስት ቀኑ ስለሚፈለፈሉ ትልቁና ትንሹ ልጅ በጣም ይበላለጣሉ። ምግብ ካነሰ ትንሹ ይሞታል። አንድ ምሽት እናቲቱን ከአደን ማስቀረት ለዚያ ትንሽ ልጅ ብዙ ነው።

እንክብሏን መፍታት

ይህ ክፍል ለልጆችም ለዘበኞችም የምወደው ነው። በጓንትና በአፍ መሸፈኛ የደረቁትን እንክብሎች ይሰብስቡ። በአልሙኒየም ፎይል ጠቅልለው በምድጃ 160 ዲግሪ ላይ 40 ደቂቃ ያቆዩዋቸው፤ ጀርሙ ይሞታል። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፈው በጉጠትና በጥርስ መፋቂያ ፀጉሩን ከአጥንቱ ቀስ ብለው ይለዩ። የራስ ቅሉ ሳይሰበር ይወጣል። የፊት ጥርሶቹ ረጃጅምና ብርቱካንማ ከሆኑ አይጥ ናት። ቅሉ ጠባብ፣ ጥርሶቹም ጥቃቅንና ሹል ከሆኑ ነፍሳት የምትበላዋ ሹል አፍንጫ ፍጥረት ናት። ነጭ ወረቀት ላይ ደርድረው ይቁጠሯቸው።

እኔ ከዚያ ግቢ የሰበሰብኳቸውን 9 እንክብሎች ፈትቼ አጥንቱን በካርቶን ላይ ለጥፌ ወሰድኩላቸው። 26 የአይጥ ራስ ነበር። ዘበኛው በጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሩና «ይህ ሁሉ ከእኛ ሰንበቴ ቤት?» አሉ። ካርቶኑን አልመለሱልኝም። የጥበቃ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፣ ለሚመጣው ሁሉ ያሳያሉ፣ ጠጠር መወርወሩም ቀረ።

መርዙን በተመለከተ አስተዳዳሪውን ያነጋግሩ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የአይጥ መርዝ አይጧን ወዲያው አይገድላትም፤ ለቀናት እየደነዘዘች በግልጽ ትሄዳለች፣ ጉጉት ደግሞ የምትይዘው እንዲህ ያለችዋን ነው። መርዙ ወደ እሷና ወደ ልጆቿ ይገባል። ወጥመድና በደንብ የሚዘጋ የእህል ዕቃ ይሻላል።

ወድቃ ካገኟት

ጫጩት መሬት ላይ ካገኙና ጎጆው የት እንዳለ ካወቁ ወደዚያው ይመልሷት። የዚህ ዝርያ ወላጆች መሬት የወደቀውን ልጅ ብዙ ጊዜ አይመግቡም፣ በሰው እጅ መነካቷ ግን አያስጠላቸውም። የቆሰለች ትልቅ ጉጉት ከሆነች ፎጣ ጣል አድርገው እግሮቿን አጥብቀው ይያዙ፤ የሚያቆስለው መንቆሯ ሳይሆን ጥፍሯ ነው። ቀዳዳ ያለው ካርቶን ውስጥ አስገብተው ጨለማና ጸጥታ ባለበት ያስቀምጧት። ወተት፣ ዳቦ፣ ውኃ አይስጧት። ከዚያ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ያሳውቁ። በቤት ማቆየትም ሆነ መሸጥ አይፈቀድም፤ የአገሪቱ ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል። ወፎችን ከሚያውቁ ሰዎች ጋር መገናኘት ከፈለጉ ደግሞ በእ.ኤ.አ. 1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው።

በመጨረሻ ደብተር ይያዙ። ቀኑን፣ የወጣችበትን ደቂቃ፣ የሄደችበትን አቅጣጫ፣ ዝናቡንና ጨረቃውን ይጻፉ። ጫጩቶቹ ሁለት ወር ሲሞላቸው መብረር ይጀምራሉ፣ ቀስ በቀስም ይበተናሉ፤ ማንኮራፋቱም ይቆማል። ያኔ ባዶ ምሽት ቢገጥምዎ ቦታውን አይተዉ። የእኔ ደብተር ላይ 11 ባዶ ምሽቶች ተከታትለው ተጽፈዋል፤ ከ12ኛው በፊት ግን ስልኬ ጠራ፣ ዘበኛው ናቸው። «ተመልሳለች፣ ጣሪያው ላይ ናት፣ ቶሎ ና» አሉኝ።